ፈተናው የሚበላው የትምህርት ጊዜ



የተከበራችሁ አድማጮች፤ የዛሬው ርዕሳችን በተለይ በአሜሪካ ልጆች የምታሳድጉ እናቶችና አባቶችን ይመለከታል። በጸደይ ወራት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ዛሬ አልተማርንም፣ ፈተና ነበር» ማለት ያበዛሉ። ይህ ፈተና ምንድን ነው? ከትምህርት ጊዜያቸውስ ምን ያህሉን ይወስዳል?

አብዛኞቻችን ስለ ፈተና ያለን ግንዛቤ ከአገር ቤት የመጣ ነው። ሚኒስትሪም ሆነ ማትሪክ ተማሪው ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፍበት በር ነው። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚሰጠው ዓመታዊ ፈተና ግን፣ በአንዳንድ ቦታ ለመመረቅ ቢያስፈልግም፣ በዋነኛነት የሚመዝነው ትምህርት ቤቱን ነው። አሠራሩን ያጠናከረው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረሙት «ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተሰኘው ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ጊዜ በንባብና በሒሳብ መፈተን ነበረባቸው።

የሕጉ ዓላማ መጥፎ አልነበረም። የድሆች፣ የጥቁሮችና እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ውጤት ለየብቻ እንዲታወቅ አድርጓል። ከዚያ በፊት የእነዚህ ልጆች ድካም በአጠቃላይ አማካይ ውጤት ውስጥ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ችግሩ የመጣው ከውጤቱ ጋር ከተያያዘው ቅጣት ነው። ከመንግሥት የድጎማ ገንዘብ የሚቀበልና ውጤቱ በተከታታይ ያልተሻሻለ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲዛወሩ ይፈቀድላቸው ነበር፤ ካልተሻሻለም ሠራተኞቹ እስከመቀየር ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለ ስጋት ያለበት ርዕሰ መምህር ጊዜውን ሁሉ ለሚፈተኑት ሁለት ትምህርቶች ቢሰጥ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ከትምህርት ዲስትሪክቶች 62 ከመቶ ያህሉ በአንደኛ ደረጃ የንባብ ወይም የሒሳብ ጊዜ ጨምረዋል። 44 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ከሳይንስ፣ ከኅብረተሰብ ትምህርት፣ ከሥዕልና ከመሳሰሉት ቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አዲስ ሕግ የፌዴራሉን ቅጣት አስቀርቶ ውሳኔውን ለክፍለ ግዛቶች ሰጥቷል፤ ዓመታዊው ፈተና ግን እንዳለ ቀጥሏል።

በዚያው ዓመት በ66 የትላልቅ ከተሞች ዲስትሪክቶች በተደረገ ጥናት፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ በግዴታ ፈተናዎች ላይ በአማካይ 25.3 ሰዓት አሳልፏል። ይህ ከዓመቱ የትምህርት ጊዜ 2.34 ከመቶ ነው። «ሁለት ከመቶ ብቻ ከሆነ ታዲያ ምን ያሳስባል?» የሚል ይኖራል። ቁጥሩ የሚቆጥረው ልጁ ተቀምጦ የተፈተነበትን ሰዓት ነው፤ የዝግጅቱን ጊዜ አይጨምርም።

ዋናው ኪሳራ ያለው በዝግጅቱ ነው። ከፈተናው በፊት ሳምንታት የሚወስድ የሙከራ ፈተናና የምርጫ ጥያቄ ልምምድ ይኖራል። ፈተናው በኮምፒውተር ሲሰጥ የኮምፒውተር ክፍሉና ቤተ መጻሕፍቱ ለሌላ ትምህርት አይገኙም። አንዱ ክፍል ሲፈተን የሌሎቹ ፕሮግራም ይዛባል፤ መምህራንም ከክፍላቸው ወጥተው ፈታኝ ይሆናሉ።

የእኛን ማኅበረሰብ በተለይ የሚነካው ደግሞ ይህ ነው። እንግሊዝኛ ተማሪ ተብለው የተመዘገቡ ልጆች ከሌሎቹ ፈተናዎች በተጨማሪ በየዓመቱ የቋንቋ ፈተና ይወስዳሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ይህ ፈተና ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ የተባሉ አራት ክፍሎች አሉት። ብዙውን ጊዜ ፈታኞቹ ራሳቸው የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ስለሆኑ፣ ፈተናው እስኪያልቅ የቋንቋው ትምህርት ይቋረጣል። እንግዲህ ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚያስፈልገው አዲስ መጤ ልጅ ከሁሉም በላይ የትምህርት ጊዜ ያጣል ማለት ነው።

ውድ አድማጮች፤ ይህ የማይለወጥ ነገር አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ይሰጡ የነበሩትን 22 የክፍለ ግዛት ፈተናዎች ወደ 17 ዝቅ አድርገዋል። የ3ኛ ክፍል የሳይንስና የታሪክ ፈተናዎች ከቀሩት መካከል ነበሩ፤ ትምህርቶቹ ግን አልቀሩም።

ወላጅ ምን ያድርግ? አንደኛ፣ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ የፈተናዎቹን ዝርዝር ይጠይቅ። የ2015ቱ ሕግ ዲስትሪክቶች በየክፍሉ የሚሰጡ ፈተናዎችን፣ ዓላማቸውንና የሚወስዱትን ጊዜ ለወላጅ እንዲያሳውቁ ያዛል። ሁለተኛ፣ ልጁ በፈተናው ሰሞን የትኛው ትምህርት እንደሚቀርበት መምህሩን ይጠይቅ። እንግሊዝኛ ቢቸግረው አስተርጓሚ ማግኘት መብቱ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁን «ስንት አገኘህ?» ብቻ አይበለው። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎም ይጠይቀው። ለሁለተኛው ጥያቄ ልጁ ለሳምንታት መልስ ካጣ፣ ትምህርት ቤት ሄዶ መነጋገሪያው ጊዜ ደርሷል።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት የሚቀስሙ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።