ምድጃ አልነድ ያለ እንደሆነ፤ ምክንያቱና መፍትሔው



አንድ ቀን ጧት ለቤት ለቤት ጉብኝት ወጥተን ከአንዲት እናት ማድ ቤት ደረስን። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፤ ምጣዱ ግን አልግል ብሏል። እናትየዋ ሕፃናቸውን አዝለው፣ ጎንበስ ብለው እሳቱን እፍ እፍ ይላሉ። ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ ሕፃኑም ይስላል። «እትዬ፣ ምድጃው ምን ሆነ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እኔ እንጃ ወንድሞቼ! ከሰሞኑ አኩርፏል። እንጨት ብጨምርለት ብጨምርለት ጭስ እንጂ እሳት የለውም» አሉን።

በመጀመሪያ ሕፃኑን ከጭሱ አውጥተን ለታላቅ እኅቱ ሰጠን። ከዚህ በኋላ ምድጃውን ብናየው ሆዱ እስከ ግማሹ በአመድ ተሞልቷል፤ በስተኋላ ያለው የጭስ መውጫ በጥላሸት ተደፍኗል፤ እንጨቱም ሌሊት ዝናብ የመታው ነው። ታዲያ ይህ ምድጃ እንዴት ይንደድ?

እሳት ለመንደድ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ይኸውም ደረቅ ማገዶ፣ የሚገባ አየርና ለጭሱ መውጫ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ እሳቱ ይዳከማል፤ በነበልባል ፈንታ ጭስ ይበዛል። ጭስ ማለት በደንብ ሳይነድ የቀረ ማገዶ ነው። ስለዚህ ምድጃ ሲጨስ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ከሩቅ ተሸክማችሁ ያመጣችሁት እንጨት በከንቱ ያልቃል፤ ያልነደደውም ወደ ዓይንና ወደ ሳንባ ይገባል። እንግዲያው ምድጃው አልነድ ሲል እንጨት ከመጨመር በፊት ከዚህ በታች ያለውን በተራ መመልከት ያስፈልጋል።

1ኛ. አመዱን ማየት። አመድ ሲከማች የአየሩን መግቢያ ይዘጋል። ምድጃው ፈጽሞ ከበረደ በኋላ አመዱን ዝቃችሁ አውጡ። ነገር ግን ከላይ የበረደ የሚመስል አመድ ከሥሩ ረመጥ ሊኖረው ስለሚችል ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ አትድፉት። የበረደውን አመድ በመጸዳጃ ጉድጓድ ብትጨምሩት ሽታና ዝንብ ይቀንሳል። ሳሙና በታጣ ጊዜም በንጹሕ አመድና በውሃ እጅ መታጠብ ይቻላል።

2ኛ. ማገዶውን መመርመር። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውሃ ለማድረቅ ነው፤ ለምጣዱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለት ፍልጥ ወስዳችሁ አጋጩ። የደረቀው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድም ይላል። እንጨቱን በቀጭኑ ፈልጣችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ኩበትም እንደዚሁ ነው።

3ኛ. የምድጃውን አፍ ማየት። ብዙ እንጨት በአንድ ጊዜ ከተጠቀጠቀ አየር አይገባም። ጥቂት ቀጫጭን ፍልጥ አራርቃችሁ አስገቡ፤ ጫፉ ሲነድ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ። በየጊዜው እፍ ማለት ካስፈለጋችሁ ምድጃው አየር አጥቷል ማለት ነው።

4ኛ. የጭሱን መውጫ መጥረግ። ምርጥ ምድጃም ሆነ በጭቃ የተሠራው ምድጃ በስተኋላ የጭስ መውጫ ያለው እንደሆነ ጥላሸቱ እየወፈረ ያጠበዋል። ምድጃው በበረደ ጊዜ በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራችሁ ጥረጉት። የማድ ቤቱ መስኮትና በር በጋገራ ጊዜ ክፍት ይሁን። ከምድጃ የወጣ ጭስ ከቤት መውጫ ካላገኘ ተመልሶ ወደ እናንተ ነው።

5ኛ. ስንጥቁን መፈለግ። እሳቱ እየነደደ ምጣዱ ካልጋለ፣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ከጋለ፣ ሙቀቱ በስንጥቅ ያመልጣል። ጥቂት ጭድ አንድዱና ጭሱ በየት በየት እንደሚወጣ ተመልከቱ። በምጣዱና በምድጃው መካከል ክፍተት ያገኛችሁ እንደሆነ በከሰል ምልክት አድርጉበት። ሲበርድም ጭድ በገባበት በደንብ በተረገጠ ጭቃ ምረጉት፤ ምርጊቱ ሳይደርቅ ግን እሳት አታንድዱበት፤ መልሶ ይሰነጠቃል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። እሳቱ እንቢ ሲል ላምባ ወይም ቤንዚን በፍም ላይ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። የጠፋ በሚመስል ፍም ላይ እንኳ ቦግ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ቀሚስ ይመለሳል። ሰው የተቃጠለ እንደሆነ ቶሎ ብላችሁ በቃጠሎው ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ ጭቃ ወይም አመድ አትቀቡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እንደዚሁም ምድጃው አልነድ አለ ብሎ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ለሞት ያሰጋል። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰውን በተኛበት ይገድላል።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ እንጀራው ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከማብሰያ ጭስ በሚመጣ የቤት ውስጥ አየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። የሕፃን ሳንባ ገና ለጋ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ሆኖ እናቱ የምትስበውን ጭስ እሱም ይስባል። ስለዚህ በጋገራ ሰዓት ሕፃኑን አያቱ ወይም ታላቁ ከማድ ቤት ውጭ ይያዙት። አባትም ቤት ካለ ልጁን መያዝ፣ እንጨቱን መፍለጥና ምድጃውን መምረግ ይችላል፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

የሚስል ሕፃን ያላችሁ እንደሆነ ጸጥ ባለበት ሰዓት ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መጥባት ካቃተው፣ ነገ ሳትሉ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የዚያን ዕለት አመዱን ዝቀን፣ መውጫውን ጠርገን፣ ከጎረቤት ጥቂት ደረቅ ፍልጥ ተበድረን አነደድን። ብዙም ሳይቆይ ምጣዱ ጋለ፤ የመጀመሪያውም እንጀራ ዓይኑን አወጣ። እናትየዋ ስቀው «ለካ ያኮረፈው አመዱ ኖሯል!» አሉ። እኛም ሕፃኑን ትንፋሹን ቆጥረን ደኅና መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ ተሰናብተን ወጣን።

እናንተም ከጋገራ ቀን በፊት ባለው ምሽት፣ ሊጡን ስታዩ ምድጃውንም እዩት። አመዱ ይዘቅ፣ መውጫው ይጠረግ፣ እንጨቱም ከደረቁ ይመረጥ። ምድጃው ያለ ጭስ ሲነድ ማገዶ ይተርፋል፤ የልጆቻችሁም ሳንባ ይጠበቃል።