በቁሓ በኩል የሚገባው ፈታኝ

ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ የሚበር ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው የቁሓን መሬት ነው፤ የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚያው አጠገብ ነው። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደግሞ እንዳየሱስ ኮረብታ ላይ ነው። ጣሊያኖች መሽገውበት፣ እቴጌ ጣይቱ የውሃ ምንጫቸውን አስይዘው በጥር 1888 ያስለቀቋቸው እዚህ ነበር። ዛሬ እንዳየሱስ ላይ የሚከበበው የዶክትሬት ዕጩ ነው። ከባዱ ጥያቄም የሚመጣው ከውጭ ፈታኙ፣ ብዙ ጊዜ በቁሓ በኩል ከሚገባው እንግዳ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። ዕጩው ኮርስ ጨርሶ፣ የብቃት ፈተና አልፎ፣ ፕሮፖዛሉን አስገምግሞ፣ ጥናቱን ሠርቶ ሲጽፍ ዓመታት ይነጉዳሉ። አማካሪው ጽሑፉ ለዲፌንስ መብቃቱን በፊርማው ካላረጋገጠ ምንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ትምህርት ክፍሉ ፈታኞችን ይመርጣል፤ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴዎች ያጸድቃሉ፤ ጽሑፉም አስቀድሞ ይላክላቸዋል። የውስጥ ፈታኙ የግቢው ባልደረባ ነው፣ ከአማካሪው ጋር ነገም ሻይ ይጠጣል። የውጭ ፈታኙ ግን ይሉኝታ የለበትም። እንደኔ ከሆነ የማዕረጉ ክብር የቆመው በዚህ ሰው ላይ ነው።

ዲፌንሱ ለታዳሚ ክፍት ነው። ቤተሰብ አበባ ይዞ ይመጣል፤ ዕጩው ሥራውን ያቀርባል፤ ጥያቄው ይወርዳል። ከዚያ ታዳሚው ይወጣና ፈታኞቹ ዘግተው ይመክራሉ። እንዳለ ይለፍ፣ መጠነኛ ማስተካከያ ይደረግበት፣ በብዙው ይታረም ወይም ይውደቅ ይላሉ። ፎቶው የሚነሳው ያን ቀን ነው፤ ዲግሪው ግን እርማቱ ተረጋግጦ፣ ፈራሚዎቹ ፈርመው፣ ሴኔቱ እስኪያጸድቀው ይቆያል። ስንቱ አበባውን ተቀብሎ ወራት ሙሉ ከእርማት ጋር ሲታገል ይከርማል!

በጥቅምት 2013 በትግራይ በተቀሰቀሰው ጦርነት በረራውም፣ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም ሲቋረጥ ይህ ሰንሰለት ተበጠሰ። ጽሑፍ የሚላክበት፣ እንግዳ የሚመጣበት መንገድ አልነበረም። ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቐለ ዳግም መብረር የጀመረው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ነው።

ወደ ፈተናው ስንመለስ፣ ጀርመን ውስጥ የምሁሩ መንገድ በዶክትሬት አያበቃም። ፕሮፌሰር ለመሆን የሚሻ ሰው በተለምዶ ሃቢሊታሲዮን የሚባል ሁለተኛና ከፍ ያለ የጥናት ሥራ ያቀርባል፤ ገምጋሚዎች ያዩታል፣ በፋኩልቲው ፊትም ንግግር ያደርጋል። በሶቪየት ኅብረት ሥርዓት ደግሞ መጀመሪያ የሳይንስ ካንዲዳት፣ ቀጥሎ ከስንት ዓመት በኋላ የሳይንስ ዶክተር ይኮን ነበር። በደርግ ዘመን ወደዚያ ከሄዱት ተማሪዎቻችን ካንዲዳትነቱን ይዘው የተመለሱ ብዙ ነበሩ፤ እዚህም ዶክተር ተባሉ።

እኛ ዘንድ ሁለተኛ ዶክትሬት የለም። በምትኩ ያለው የማዕረግ ዕድገት ነው። ለሙሉ ፕሮፌሰርነት የሚያመለክት መምህር የማስተማር ውጤቱና የማኅበረሰብ አገልግሎቱ ይመዘናል፤ የታተሙ ጥናቶቹ ወደ ውጭ ገምጋሚዎች ይላካሉ፤ ጉዳዩ በሴኔቱ በኩል አልፎ ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ ይቀርባል። ይህኛው ፈተና ግን ታዳሚ የለውም፤ ገምጋሚውም በአውሮፕላን መምጣት አይጠበቅበትም፤ ባለበት ሆኖ አንብቦ አስተያየቱን በጽሑፍ ይልካል። አመልካቹ ፊት ለፊት የሚመልሰው ጥያቄ ስለሌለ፣ መከራከሪያው ያሳተመው ብቻ ነው።