ያውቁ ኖሯል? ከኪልበርን ጅረት እስከ በርሚል ጊዮርጊስ

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኪልበርን በአንድ ዘመን ፈውስ ፈላጊ የሚጎርፍባት ሰፈር እንደነበረች ያውቁ ኖሯል? ከ1714 ጀምሮ ቤል በተባለው መጠጥ ቤት አጠገብ የሚፈልቀውን ማዕድን ያለበት ውሃ የለንደን ሰው ለጤናው ብሎ እየመጣ ይጠጣው ነበር። ኪልበርን ሃይ ሮድ ከቤልሳይዝ ሮድ በሚገናኝበት ጥግ ማስታወሻ ተቀምጦለታል።

የሰፈሯ ጅረት ዕጣ ግን ሌላ ነው። ከሃምስቴድ ኮረብታ ይነሳና ኪልበርንን አልፎ፣ ታች ሲደርስ ዌስትቦርን ተብሎ ቴምዝ ይገባል። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ የፍሳሽ መውረጃ አደረጉት። የሃይድ ፓርኩ ሰርፐንታይን ሐይቅ እንኳ በ1834 ከዚህ ወንዝ ውሃ መቀበል አቁሟል። ዛሬ በቱቦ ውስጥ ነው የሚሄደው። ስሎን ስኩዌር ባቡር ጣቢያ ከቆሙ፣ ከራስዎ በላይ ሐዲዱን ተሻግሮ የሚያልፈው ወፍራም የብረት ቱቦ እሱ ነው።

የባሰም አለ። ግራንድ ጀንክሽን የተባለው ኩባንያ ለለንደን ሰው የሚሸጠውን ውሃ ከቴምዝ የሚስበው፣ ያው ፍሳሽ ወንዙን ከሚቀላቀልበት አፍ አጠገብ ነበር። ጆን ራይት የተባለ ሰው በ1827 «ዶልፊን» በሚል ጽሑፍ አጋለጣቸው። ኮሌራ ለንደን የገባው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ዌስት ሃምስቴድ የምንላት የኪልበርን ጎረቤት ያኔ ዌስት ኤንድ የምትባል መንደር ነበረች። በመስከረም 1854 እዚያ የምትኖር አንዲት የ59 ዓመት መበለት በኮሌራ ሞተች። በመንደሩ በሽታው አልነበረም። ሴትዮዋ ግን ሶሆ ያለው የብሮድ ስትሪት ጉድጓድ ውሃ ይጥማት ስለነበር በየቀኑ ከዚያ በሚመጣ ጋሪ በትልቅ ጠርሙስ ታስመጣ ነበር። ሊጠይቋት የመጡ የእህት ወይም የወንድም ልጅም ከዚያው ጠጥተው ኢዝሊንግተን ቤታቸው ሲመለሱ ሞቱ። ኮሌራ በውሃ ነው የሚተላለፈው እያለ ይከራከር የነበረው ዶክተር ጆን ስኖው ከሁሉ በላይ አሳማኝ ማስረጃ ያለው ይህንኑ ነው።

የስኖው ሌላ ቁጥር ደግሞ ይኸውልዎ። በዚያው ወረርሽኝ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት፣ የተበከለ ውሃ የሚያድለው ሳውዝዋርክ ኤንድ ቮክሶል ኩባንያ ከሚያገለግላቸው ቤቶች በየ10,000ው 315 ሰው ሞተ። መሳቢያውን ወደ ንጹሑ የወንዙ ክፍል ያዛወረው ላምቤዝ ኩባንያ ከሚያገለግላቸው ቤቶች ግን በየ10,000ው 37።

ለንደን የመጨረሻውን ትልቅ የኮሌራ ወረርሽኝ ያየችው በ1866 ነው። አዲሱ የፍሳሽ መስመር ገና ያልደረሰው ምሥራቁ ክፍል ነበር የተመታው። በዚያው ዓመት ኮሌራ ጣና ዳር ቆራጣ የሰፈረውን የአጼ ቴዎድሮስን ጦርም አገኘው። እስረኛቸው በነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም በሄንሪ ብላንክ ምክር ሠራዊቱ ሐይቁን ለቅቆ ወደ በጌምድር ደጋ ወጣ።

ሃፍኪን የተባለው ሳይንቲስት የሠራውን የኮሌራ ክትባት መጀመሪያ የተወጋው ሰው ማን ነበር? ራሱ ሃፍኪን፤ ሐምሌ 1892፣ ፓሪስ። እንግሊዝ ኮሌራን ከአገሯ ያስወጣችው ግን በክትባት አይደለም፤ በቱቦ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። በ2025 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ 4፣ በጀርመን 3 ሰዎች ኮሌራ ተገኘባቸው። የጤና ባለሙያዎች ምንጩን ሲከታተሉ የደረሱት ምዕራብ ጎንደር፣ የቴዎድሮስ አገር ቋራ፣ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቋጥሮ በአውሮፕላን የመጣ ጠበል ነበር፤ ከታመሙት መካከል ኢትዮጵያ ሳይሄድ ከመጣለት የቀመሰም አለ። ተህዋሲው ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ የማይበግረው ነበር። ደግነቱ ሁሉም ተረፉ። ጠበሉን የሚከስ ካለ ቸኩሏል። ሺህ በሽተኛ ተሰብስቦ የሚያድርበት ቦታ መጸዳጃ ቤትና የቧንቧ ውሃ ከሌለው፣ ምንጩ የማንም ይሁን የማን ውጤቱ ያው ነው። ለዘመድ ጠበል መላክ የፍቅር ሥራ መሆኑንም እናውቃለን። ቢሆንም ከወረርሽኝ ቦታ የመጣ ጠርሙስ ሳይፈላ ለሕፃንና ለአረጋዊ ባይሰጥ እመርጣለሁ፤ በዚህ ረገድ የንስሐ አባቶች ቃል ከጤና ጣቢያ ፖስተር ይልቅ ይሰማል።

ታዲያ ለቋራ ሰው ክትባት የለም ወይ? አለ፤ ግን በወረፋ ነው። ዓለም በ2013 ለወረርሽኝ ጊዜ የሚሆን የኮሌራ ክትባት ክምችት በ2 ሚሊዮን ዶዝ ጀመረች። የሚያዝዙበት አራት ናቸው፦ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ፌዴሬሽንና ድንበር የለሽ ሐኪሞች። ወጪውን የክትባት ጥምረቱ ጋቪ ይሸፍናል። ለአንድ ሰው 2 ዶዝ ይሰጥ የነበረው በጥቅምት 2022 ወደ 1 ወረደ፤ ጠያቂው በዝቶ ክትባቱ አላዳርስ ስላለ። ሁለት ዶዝ ቢያንስ 3 ዓመት ይከላከላል፤ አንዱ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይደክማል።

ጭራሽ የሕንዱ ክትባት አምራች ሻንታ ማምረቱን ተወ። ለጥቂት ጊዜ የዓለም ክምችት በሙሉ በአንድ የደቡብ ኮሪያ ፋብሪካ፣ በዩባዮሎጂክስ፣ ጫንቃ ላይ ወደቀ። በ2024 መጀመሪያ ወራት መጋዘኑ ባዶ ቀርቶ ነበር። በዚያው ሚያዝያ የኩባንያው ቀለል ያለ አዲስ ክትባት የዓለም ጤና ድርጅትን ይሁንታ አገኘ፤ አሠራሩ ስለቀለለ በብዛት ማምረት ተቻለ። እንዲያም ሆኖ በ2024 ለድርጅቱ የተመዘገበው የኮሌራ ሟች 6,028 ነው።

ኪልበርን ያለ ሰው ለአገር ቤት ጉዞ የሚሰጠውን የኮሌራ ክትባት በኤንኤችኤስ በነጻ ሊያገኝ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ጂፒዎን ይጠይቁ። የሚሰጠው ዱኮራል ከሆነ ከወረርሽኙ ክምችት የሚቀነስ አይደለም፤ ሆኖም የለንደኑ ተጓዥ 2 ዶዝ ሲወስድ የበሽታው ጎረቤት 1 መውሰዱ እኔን ያሳፍረኛል። አወሳሰዱም ይለያያል። ዱኮራል፣ ሲበጠበጥ አረፋ የሚያወጣ ዱቄት ከሟሟበት ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይጠጣል፤ ከአንድ ሰዓት በፊትና በኋላ እህል ውሃ አይቀመስም። የወረርሽኙ ክትባት ግን 1.5 ሚሊ ሊትር በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ አፍ ውስጥ ጭምቅ፣ በቃ።

ክትባት የወሰደም ቢሆን ሊታመም ይችላል። ያን ጊዜ የሚያድነው ኦአርኤስ የተባለው በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ቅይጥ ነው። በ1971 በሕንድ ድንበር ባንጋኦን በተባለ የስደተኞች ካምፕ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ጀመረ። ከታከሙት 30 በመቶ ገደማ ይሞት የነበረው ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። የኦአርኤስ ከረጢት በእጅ ከሌለ፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ለጥምቀት ትኬት የቆረጡ ደግሞ ይቁጠሩ፦ የዱኮራል ሁለት ዶዝ ቢያንስ በሳምንት ልዩነት ነው የሚወሰደው፤ ሁለተኛው ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ማለቅ አለበት። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ሦስት ዶዝ ነው፤ ጂፒው ጋ ቀጠሮ በጊዜ ይያዝ።