በልጅነት ለተሰደደ ሰው የሚሰፋ የሀገር ልብስ

በልጅነቱ የተሰደደ ሰው የሀገር ልብስ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ አሰፍቶ ሲልክለት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው የደቡብ ወሎ ከተማ ከሐርቡና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣቶች ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ፤ ከፊሎቹ በጅቡቲና በየመን በኩል፣ ከፊሎቹ ለቤት ሠራተኝነት በአውሮፕላን። በመሆኑም በዓይኑ ላላየው ሰው መስፋት ለአካባቢው ልብስ ሰፊ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ቀዳሚው ጉዳይ ልክ ነው። እናት ለልክ ይዛ የምትመጣው ልጇ ስትሄድ ትታው የወጣችውን ቀሚስ ነው። በ16 ዓመቷ የወጣች ልጅ ግን 21 ሲሞላት ትከሻዋም ዳሌዋም ያኔ የነበረው አይደለም። በአሮጌው ልክ የተሰፋ ቀሚስ ጥልፉ የቱንም ያህል ቢያምር ሻንጣ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የትከሻ፣ የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌ፣ የእጅጌና የቁመት ልክ ከልጅቷ ከራሷ በስልክ ይጠየቃል፤ በሁለቱም የጎን ስፌቶች በኋላ ለማስፋት የሚበቃ ጨርቅ ይተዋል።

ቀጥሎ የጨርቅ ምርጫ ይመጣል። ሽፎን ቀላል ነው፣ አይጨማደድም፤ ለመላክ ይመቻል። በሙቀት አገር ቀኑን ሙሉ ለሚለብሰው ሰው ግን ከጥጥ የተፈተለው ፈትል ይሻላል። ፈትል ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሳይቆረጥ በፊት በውኃ ይነከራል፤ የጥልፉ ክርም ነጩን እንዳያበላሽ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁ ይሞከራል።

አሰፋፉን የሚወስነው የሚለበስበት ቦታ ነው። በሳዑዲ አደባባይ የሴቶች የተለመደ ልብስ አባያ ነው። የወሎ ቀሚስ የሚለበሰው በቤት፣ በሠርግ፣ በዒድና የሀገር ልጆች ሲሰባሰቡ ነው። ስለዚህ ከአባያ ሥር የሚያርፍ፣ እጅጌው ያልተንዘረፈፈ፣ ጥልፉ በአንገትና በደረት ላይ የሆነ ቀሚስ ብዙ ጊዜ የመለበስ ዕድል ያገኛል። ለወንድ ነገሩ ይለያል፤ ሽርጥ በወሎ ቆላም በየመንም ስለሚለበስ የሐርቡ ልጅ ሽርጥ ለብሶ በየመንም እንግዳ አይመስልም። የመጣበትን አገር ለይቶ የሚያሳይለት ጋቢና ኩታ ነው።

ልብስ የሚጓዘው ግን ወደ ውጭ ብቻ አይደለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ደቡብ ወሎ ብዙዎቹን ከተቀበሉት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ዛሬ አባያና ጀለቢያ በኮምቦልቻና በደሴ ገበያ በስፋት ይሸጣሉ። ለብዙ ተመላሽ ሴቶች አባያ ያደጉበት ልብስ ነው። ይህን እንደ ባህል ክህደት መቁጠር ስህተት ብቻ ሳይሆን የሚጎዳም ነው፤ አንዲት ሴት ለሥራ አባያ፣ ለሠርግ ጥልፍ ቀሚስ ብትለብስ ሁለቱም የራሷ ናቸው።

የሀገር ልብስ ሰውን ከወገኑ ጋር የሚያቆየው ሲለበስ ነው፤ የሚለበሰው ደግሞ ለዛሬው ሰውነትና ለዛሬው ኑሮ ሲሰፋ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ጨርቅ ከመግዛቱ፣ ሰፊም መቀስ ከማንሳቱ በፊት የሚለብሰውን ሰው ሊጠይቁት ይገባል፤ ልኩን፣ የጥለቱን ቀለም፣ የትና መቼ እንደሚለብሰው።