የተመረዘ መሬት በፈቃደኞች ስለሚጸዳበት እቅድ

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በመንዝ፥ ዘረት በተባለው ስፍራ፥ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በሰናፍጭ ጋዝ መታ። ይህ መርዝ በውሃ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ይሁን እንጂ በብርድና በደረቅ ስፍራ ረግቶ ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ከሞላሌም ሆነ ከሌላው የመንዝ ወረዳ ወጣቶች ተነሥተው ዋሻውን በፈቃዳችን እናጽዳ ቢሉ፥ አካፋ ከማንሣታቸው በፊት አራት ነገር ሊፈጸም ይገባል እንላለን። አንደኛ፥ የሟቾቹ ዘመዶችና ካህናቱ ስለ ዐፅሙ ይመካከሩ። ሁለተኛ፥ መከላከያ የለበሰ ባለሙያ አፈሩን ይመርምር። ሦስተኛ፥ የሚያጠራጥረው ቦታ ይታጠር። አራተኛ፥ የሚወጣው አፈር የት እንደሚወገድ አስቀድሞ ይወሰን። ይህ ሳይሟላ የሚጀመር ሥራ መርዙን ከዋሻው አውጥቶ ወደ መንደር ሊያወርደው ይችላል።