የተበተነ ጦር በማን ይነሣል?

ከካራማራ ግርጌ ሆነን ይህን ስንጠይቅ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። አል ኢትሐድ አል ኢስላሚያ በ1988 ዓ.ም. በሉቅ በኢትዮጵያ ጦር ተመታ፤ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ሐሰን ዳሂር አዌይስ ግን ተረፈ። በሞቃዲሾም መንግሥት ስላልነበረ፣ የጎሣ ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች ሥርዓት ፈልገው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ደገፉ። አዌይስ በ1998 ዓ.ም. የእነዚሁ ፍርድ ቤቶች ኅብረት የሹራ ሊቀ መንበር ሆነ፤ አል ሸባብም በዚያው ጥላ ሥር በረታ። እንግዲህ የተረፈ መሪና የአገሬው ተቀባይነት ሲገናኙ፣ የተበተነው በሌላ ስም ይነሣል ማለት ነው።

ተቃራኒውም ታይቷል። አል ሸባብ ወደ ሶማሌ ክልል ሰርጎ በገባበት በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ በሶማሊያ የሒራን ጎሣዎች ግብሩና በደሉ መርሯቸው ታጣቂዎቻቸውን አስነሡበት። ስለዚህ ድንበር ከመጠበቅ ጋራ፣ የሽማግሌዎችን አቤቱታ በጊዜው መስማት ይገባል እንላለን።