አንደበት በድንገት ሲያዝ
ስለ ስትሮክ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ

ክርስቲያናዊ ቤተ ሰብ ስለ ልጆች ትምህርት፥ ስለ በዓል ዝግጅት፥ ስለ እንግዳ አቀባበል አስቀድሞ ይመክራል። በድንገት ስለሚመጣ ደዌ ግን አስቀድሞ የሚመክር ቤት ጥቂት ነው። ዛሬ ልንናገርለት የወደድነው ስትሮክ የሚባለው ደዌ ግን ምክሩ ካልቀደመ ርዳታው የሚዘገይበት ነው።

ደዌው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. በጽኑ ስትሮክ ተመትተው አካላቸው ደከመ፥ አንደበታቸውም ተያዘ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም የመንግሥቱ ሥራ በሌሎች እጅ ነበረ። በዚያ ዘመን የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ሲቲ ስካንም ሆነ የረጋ ደምን የሚያሟሟ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር። ዛሬ ሁለቱም ተገኝተዋል፤ ነገር ግን በሰዓቱ ላልደረሰ በሽተኛ ጥቅማቸው ያንሳል።

ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል ክፍል የሚሄደው ደም በድንገት መታወኩ ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይሆናል፤ አንደኛው የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን፥ ሁለተኛው የደም ሥር ሲፈነዳና ደም ሲፈስ ነው። ደም ያጣ አንጎል ብዙ አይታገሥም። ትልቅ የደም ሥር በተደፈነ ጊዜ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ሊቃውንት አስልተዋል።

ምልክቱን ለማየት የሐኪም ትምህርት አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር ለአምቡላንስ ሠራተኞች የተዘጋጀው ምርመራ ሦስት ነገር ብቻ ይመለከታል፤ ይህንም ተማሪ ልጅ ሊማረው ይችላል። መጀመሪያ ፊት ነው፤ «አባባ፥ እስቲ ፈገግ ይበሉ» ብሎ አፋቸው ወደ አንድ ወገን መጣመሙን ማየት። ሁለተኛ ክንድ ነው፤ ሁለቱን እጆች ወደ ፊት አዘርግቶ አንዱ ወደ ታች መውረዱን መመልከት። ሦስተኛ ንግግር ነው፤ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር አስደግሞ ቃሉ መኰላተፉን ወይም መጥፋቱን ማድመጥ። ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከታየ ስትሮክ ሊሆን ይችላል ብሎ ወዲያው መነሣት ይገባል። ድንገተኛ የዓይን መጨለም፥ ሚዛን አጥቶ መንገዳገድ፥ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ብርቱ ራስ ምታትም ከምልክቶቹ ይቈጠራሉ።

ብዙ ቤቶች የሚዘገዩት በዚህ ጊዜ ነው። አፍ ሲጣመም «ብርድ መታው» ወይም «ምች ነው» ይባላል፤ «ጥቂት ይተኛና ይሻለዋል» ተብሎ እስኪነጋ ይጠበቃል፤ ወይም ታላቅ ወንድም ከሌላ ከተማ እስኪመጣ ድረስ ነገሩ ይቈያል። በርግጥ አፍ የተጣመመበት ሰው ሁሉ ስትሮክ አለበት ማለት አይደለም፤ ይህን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው። ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ቢጠፋም እንኳ ዳነ ብሎ መተው አይገባም፤ ለሚከተለው ብርቱ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና።

የረጋ ደምን የሚያሟሟው መርፌ በአሜሪካ ለዚህ ደዌ የተፈቀደው በ1988 ዓ.ም. ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣትም በ2007 ዓ.ም. በወጡ ጥናቶች ጠቃሚነቱ ተረጋግጧል። ይህ ሕክምና በየሆስፒታሉ አይገኝም። ቢሆንም የደም ግፊቱ፥ ስኳሩ፥ ትኩሳቱና አዋዋጡ በባለሙያ የሚጠበቅለት ሰው በቤት ከሚቈይ ይልቅ ተስፋው ይበልጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ በሽተኛው ደኅና ሆኖ የታየበት የመጨረሻው ሰዓት ይጻፍ፤ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ይህን ይጠይቃልና። ከእንቅልፉ ሲነቃ የታየበት ከሆነ ደኅና ሆኖ የተኛበት ሰዓት ይጻፋል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፥ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት በ939 ይጠራል፤ አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ በተገኘው መኪና መሄድ ይገባል። በሽተኛው ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛ፥ የአንገቱም ልብስ ይላላ። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነመያዣቸው አብረው ይሂዱ።

መደረግ የማይገባውም አለ። ምግብ፥ ውኃ፥ አረቄ፥ ክኒንም በአፍ አይሰጥ፤ ጕረሮው የደከመ ሰው የዋጠው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላልና። አስፕሪንም ቢሆን አይሰጥ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ይብስበታል። የጎረቤት የግፊት መድኃኒት ማዋጥም አደገኛ ነው።

ስለ ጠበልስ ምን እንላለን? ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በመንገድ ሳሉ ይጸለይ፤ ጠበሉም ግንባሩን ይንካ እንጂ በአፉ አይግባ። ከሆስፒታል መልስ ጠበሉ በስፍራው ይገኛል፤ ያለፈው ሰዓት ግን አይመለስም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ ምክሩ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ይሁን። ሲቲ ስካን ያለው ቅርብ ሆስፒታል የትኛው ነው? በሌሊት መኪና ያለው ጎረቤት ማን ነው? ቍጥሮቹ በግድግዳ ላይ ተጽፈዋልን? ደግሞም የስትሮክ ዋነኛው መንሥኤ የደም ግፊት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ይኖራልና አዋቂ የሆነ ሁሉ ይለካ። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዙ ወጣቶችም ለስትሮክ ስለሚጋለጡ «ገና ልጅ ነው» ተብለው አይዘንጉ። ልጆችም ሦስቱን ምልክቶች፥ ፊትን፥ ክንድን፥ ንግግርን፥ በቃላቸው ይያዙ፤ በዚያች ሰዓት ከአያታቸው ጋር በቤት የሚገኙት እነርሱ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉና።